ጋሼና የስድስት ቮልቷ ቮልስ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ታሪኩ ረዘም ይላል።

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት አካባቢ የኖረ ሰው የጋሼን ቮልስ ሳያያትም ያውቃታል። ገና ከታች ስትነሣ ትሰማለች፤ መሀል ላይ ማርሽ ስትቀንስ ትሰማለች፤ ከኋላዋ የተደረደሩት ሚኒባሶች ጥሩምባ ሲጀምሩማ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ መጡ» ይላል። ጋሼ ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ መምህር ናቸው። ስም አላቸው፣ ግን ማንም በስማቸው አይጠራቸውም፤ እኔም ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1964 ሞዴል ናት፣ 1200። ፋብሪካው 34 የፈረስ ጉልበት አላት ብሏል። ይህን ያለው ግን ባሕር ዳርቻ ላይ ቆሞ ነው! ሞተር የሚተነፍሰው አየር በሳሳ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በየመቶው ሜትር ከፍታ አንድ በመቶ ያህል እየተቆረጠ ሽሮ ሜዳ ስትደርሱ ሩቡ የለም። እንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አስቡት እንግዲህ፤ ጋሼ ከባለቤታቸው ከእትዬ ጋር፣ ከእትዬ ጋር ደግሞ የገበያ ዘንቢል፣ ሁሉም በሃያ አምስት ፈረስ።

«ለምን ሌላ አይገዙም?» ትሉ ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ሲባል እዚህ ያሉት አሮጌዎች ዋጋቸው ሰማይ ወጣ። ለነገሩ ዋጋው ቢወርድም ጋሼ አይለውጧትም። ቮልስን ናቅ ያደረገ ሰው ካገኙ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.ን ያነሡበታል። ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስዋገን አይደለም ወይ? ባለ ሁለት በር መኪና! የፊት ወንበር ታጥፎ ከኋላ ገቡ። «ዘውድ የጫኑ ያልናቋትን አንተ ማን ነህ?» ይላሉ።

ታዲያላችሁ፣ አንድ ቀን ከመርካቶ ሶማሌ ተራ አንድ ሞተር በፒክአፕ ተጭኖ መጣ። 1600፣ ባለ 50 የፈረስ ጉልበት፣ ቁጥሩ ኤዲ በሚሉ ሁለት የፈረንጅ ፊደላት የሚጀምር። ቮልስ እንዲህ ናት፤ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1978 መሥራት ቢያቆሙም ሜክሲኮ ፑዌብላ ውስጥ እስከ 2003 ስትፈለፈል ቆይታለች። ሃያ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ተሠርታለችና ዕቃዋ አይጠፋም። ጋሼ ጋራዥ አልወስድም አሉ። እዚያው ግቢ፣ ከውሃ ሮቶው አጠገብ፣ ከእህታቸው ልጅ ጋር ሊገጥሙት ነው። ልጁ ቴክኒክና ሙያ የተማረ፣ እጁ ፈጣን፣ አፉም ፈጣን ነው።

ማውረዱን ተዉት፣ ቀላል ነው። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዙት አራት ቡሎኖች ብቻ ናቸው፤ በ17 ቁልፍ ይፈታሉ። ባትሪ ይነቀላል፣ የቤንዚን ጎማ ይታሰራል፣ የነዳጅ መስጫው ሽቦ ይላቀቃል። የባሕር ዛፍ ጉማጅ ከኋላ አስደግፈው ክሪክ ከሞተሩ ሥር ገባ። ልብ የሚያስፈልገው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሞተሩ ከካምቢዮው ዘንግ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ወደ ታች ከለቀቃችሁት ያ ሁሉ ክብደት ዘንጉ ላይ ይንጠለጠላል። መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ወደ ታች። ከመቶ ኪሎ ትንሽ የሚበልጠው ብረት አሮጌ ጎማ ላይ ጧ ብሎ ሲቀመጥ እትዬ ቡናውን ገና እየቆሉ ነበር።

ችግሩ የመጣው ሲመልሱ ነው።

አዲሱ ሞተር ገባ፣ ገባ፣ ገባና ቆመ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ቀረው። ልጁ ገፋ፣ ጋሼ ገፉ፣ እኔም ከአጥር ማዶ ተጠርቼ ገፋሁ። ወይ ፍንክች! ጋሼ እጃቸውን ሰቅስቀው ሞተሩን ትንሽ ሲያሽከረክሩት ከውስጥ ብረት ብረትን ሲፍቅ ተሰማ።

የድሮዋ ቮልስ ስድስት ቮልት ናት። ከሞተሩ ጀርባ ያለው ቮላኖ፣ ሞተሪኖው ነክሶ የሚያስነሣው ጥርሳሙ ክብ ብረት፣ በስድስት ቮልቷ 109 ጥርስ አለው። ባሥራ ሁለት ቮልቶቹ 130 ነው፤ ሰፋ ያለ ነው፣ ፍሪሲዮኑም ከ180 ሚሊ ሜትር ወደ 200 አድጓል። የድሮው ካምቢዮ አፍ ለዚህ አልተሠራም። አራቱ ቡሎኖች ያው ናቸው፣ ቀዳዳዎቹ ልክ ይገጥማሉ፤ ስለዚህ ሰው ይታለላል። ሞተሪኖውም ሌላ ነው፤ ጫፉ የሚያርፍበት ቡሽ እንኳ ልኩ የተለየ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ምን ያስጨንቃል?» አለ ልጁ። «በግራይንደር እንላጨዋ! ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

«የካምቢዮው ቆዳ ምንድን ነው?»

«አሉሚኒየም።»

ጋሼ መልስ አልሰጡም። ሞረድ አመጡ። ከካምቢዮው ከንፈር ላይ ቁንጥር የማትሞላ ዱቄት ፍቀው ሸክላ ላይ አደረጉ፤ ራቅ በሉ አሉንና የጋዝ እሳት አስጠጉባት። እናንተዬ! ነጭ ብርሃን ቦግ አለ፣ ዓይናችንን ያዝን። ከዚያ የክፍል ድምፃቸው መጣ፤ ማግኒዥየም ነው፣ ቅይጡ ውስጥ የሚበዛው እሱ ነው። ድፍኑ ብረት ሲሆን ጨዋ ነው፤ ዱቄት ሲሆንና የግራይንደር ብልጭታ ሲያገኘው ግን ይነዳል፤ ውሃ ከደፋህበት ይብስበታል። እውነቱን ለመናገር ላጭተው የተገላገሉ መካኒኮች ሞልተዋል፤ በእጅ ሞረድ ቀስ እያሉ የፋቁም አሉ። ጋሼ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪ ፊት ያቃጠሉትን ነገር ቤታቸው በር ላይ ሊፈጩት አልፈለጉም። እኔ በበኩሌ ልክ ነበሩ እላለሁ።

ስለዚህ ሞተር ብቻ ይቀየራል የተባለው ሥራ ካምቢዮ ጨመረ። እንደገና ሶማሌ ተራ። ከአሥራ ሁለት ቮልት ዘመን 1500 ቮልስ የወረደ ካምቢዮ ከነአክሱሉ ተገኘ። ጋሼ ሲያስረዱን የመጨረሻው ጥርስ ምጣኔ በድሮው 4.375 ነበር፣ በዚህኛው 4.125 ነው፤ በእኩል ፍጥነት ሞተሩ ስድስት በመቶ ያህል ዝግ ብሎ ይዞራል። «ታዲያ ዳገት ላይ አይደክምም?» አልኩ። «በ34 ፈረስ አዎ፤ በ50 አይደክምም» አሉኝ። ካምቢዮውን የማውጣቱ ሥራ ከሞተሩ ሦስት እጥፍ ያስለቅሳል፤ የፍሬን ቧንቧ ይፈታል፣ የፍሪሲዮን ሽቦ ይወጣል፣ ከፊት የማርሽ ዘንጓ በኋላ ወንበር ሥር ባለች ትንሽ ክዳን በኩል ትላቀቃለች። አክሱሉ ከጎን ብረቱ ጋር የተያያዘበትን ቦታ አስቀድመው በመሮ ምልክት አደረጉበት፤ አዲሱ በዚያው ልክ እንዲታሰር፣ የኋላ ጎማዎቹም እንዳይንጋደዱ። ካምቢዮው ገብቶ ታሰረ።

አሁን ወደ ዳዶው እንምጣ። ቮላኖውን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያስረው አንድ ትልቅ ዳዶ ብቻ ነው፣ 36 ቁጥር። የሚጠብቀው በ30 ኪሎግራም-ሜትር ነው፤ ከላላ ቮላኖው ተላቅቆ ዘንጉን ይበላዋል። እንዲህ ያለውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ ሰፈር ውስጥ ከየት ይመጣል?

ልጁ ዘዴ ነበረው። «ስልሳ ኪሎ ሰው ፈልገን ቧንቧ ላይ ከዳዶው በግማሽ ሜትር እናቁመው። ስልሳ በግማሽ፣ ሠላሳ።» ስልሳ ኪሎ ሰው ፍለጋ ተጀመረ። መንገድ ላይ ሚዛን ዘርግቶ የሚያስመዝነው ልጅ ተጠርቶ ግቢ ገባ። ጎረቤቱ ተሰለፈ። ልብስ ሰፊው ሰባ አንድ። የሱቁ ልጅ አምሳ ሁለት። እኔ፣ ተዉት። እትዬን «ይውጡ እስቲ» ብንላቸው «ወገቤን ጉድ ልታደርጉት ነው ወይ!» ብለው ጀበናቸውን ይዘው ገቡ።

ጋሼ ከቮላኖው ሥር ቀና አሉ። «ሰው ምን ያደርግልሃል? የሚቆምበትን ቦታ አንቀሳቅሰው እንጂ! አንተ ስንት ነህ?»

«ስልሳ አራት።»

«ቧንቧው ራሱ ሦስት ኪሎ ነው፣ አንድ ሜትር ነው፤ ክብደቱ መሀሉ ላይ ያርፋል፣ ስለዚህ አንድ ተኩል ከሠላሳው ይቀነስ። ሃያ ስምንት ተኩል ለስልሳ አራት ሲካፈል...» ጠመኔ አወጡ። ከዳዶው መሀል 44 ሴንቲ ተኩል ለክተው ቧንቧው ላይ ነጭ መስመር አሰመሩ። ቮላኖው በማእዘን ብረት ታስሮ እንዳይዞር ተደረገ፤ ቧንቧው አግድም ሆነ፤ ልጁ የእኔን ትከሻ ይዞ ቀስ ብሎ መስመሩ ላይ ወጣና ለቀቀኝ። ዳዶው ቅንጣት ታህል ሄደና ጸጥ አለ። ሚዛን ያዡ ልጅ ለሁላችንም ሒሳቡን ተቀበለ፣ ላልወጡት ለእትዬ ሳይቀር።

የፍሪሲዮኑን ዲስክ መሀል ያስያዙት በመጥረጊያ እጀታ ነው፤ ፕላስተር ጠቅልለው ልኩን አስተካከሉት። ሞተሩ ገባ። በዚህ ጊዜ ከንፈር ለከንፈር ገጠመ። ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ተጨመረ፣ ባልቦላዎቹ በቀዝቃዛው 0.15 ሚሊ ሜትር ተለኩ። ካንዴላዎቹ እሳት እንዳይሰጡ ሽቦው ተነቅሎ ሞተሪኖው ብቻ አዞረው፣ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ። ከዚያ ሽቦው ተመለሰ። ተነሣች። ሌላውን ዕቃዋን ወደ አሥራ ሁለት ቮልት ሲለውጡ ጥሩምባዋን ረስተውት ኖሮ ስድስት ቮልቷ ጥሩምባ ባሥራ ሁለት ቮልት ስትጮኽ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተቀበላት።

እንጦጦን በሦስተኛ ወጣች። ሲመለሱ ካንዴላዎቹን ቢፈቱ ጥቀርሻ ሆነዋል፤ አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ ቤንዚን ያበዛል። ጋሼ ቤንዚን የምታሳልፈዋን ትንሽ የነሐስ ቀዳዳ አንድ ቁጥር ባነሰች ለወጧት።

የቀረው ሊብሬው ነበር፤ የሞተሩ ቁጥር እዚያ ላይ ስለሰፈረ መመዝገብ አለበት። ቁጥሩ ከዲናሞው መቀመጫ በታች ነው፤ ጋሼ ሰልፍ ሳይዙ በፊት በቤንዚን አጥበው አዘጋጅተውት ነበር።

አሮጌው ቮላኖ ግቢ ውስጥ ብዙ አልቆየም። ከጉለሌ ወዲያ አንድ ባለ ቮልስ 109 ጥርስ ፍለጋ መጣ፤ የሱ ጥርሱ ተበልቶ ሞተሪኖው ባዶውን ይጮህበታል። በዋጋው ተስማሙ። ሰውየው «ጋሼ፣ ያቺን ቧንቧም አውሱኝ» አለ። ጋሼ ከላይ እስከ ታች አዩትና ጠመኔ ፍለጋ ኪሳቸው ገቡ።

«ስንት ኪሎ ነህ?»