የዕጣ ጨዋታና የኮከብ ሆድ

ከአዋሽ እስከ ሰመራ ባለው ሜዳ ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ ከከዋክብት ሁሉ ደምቆ የሚታየው ሲሪየስ ነው። እርሱም ለዓይን የማይታይ ጓደኛ አለው፤ ስፋቱ ምድርን፣ ክብደቱ ግን ፀሐይን ያህላል። በውስጡ አቶሞች እጅግ ስለ ተጨፈለቁ ኤሌክትሮኖቻቸው ተለይተዋል። ይህም ጥቅጥቅ ያለ የኳንተም ፕላዝማ ይባላል። ወደ ኮከብ ሆድ የሚገባ የለምና በምን ይመረመራል?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 ዓ.ም. የሒሳብ ሊቁ ስታኒስላቭ ኡላም ከሕመም ሲያገግም ካርታ ይጫወት ነበር። ጨዋታው የሚቃናበትን ዕድል በቀመር ከመፈለግ ደጋግሞ ተጫውቶ መቁጠር እንደሚቀል አሰበ። ጆን ፎን ኖይማን አሳቡን ለኮምፒዩተር አመቻቸው፤ ዘዴውም በቁማር ቤቷ በታወቀችው ስፍራ ስም ሞንቴ ካርሎ ተባለ።

በ1953 ዓ.ም. ኒኮላስ ሜትሮፖሊስና ባልደረቦቹ 224 ቅንጣቶችን በሒሳብ አንድ በአንድ አነቃነቁ። በዘዴያቸው ኃይልን የሚቀንስ እርምጃ ይጸድቃል፤ የሚጨምረው ግን በዕጣ ይወሰናል። የኮምፒዩተሩን መመሪያ የጻፈችው አሪያና ሮዘንብሉት ነበረች።

በ1966 ዓ.ም. ብረሽ፣ ሳሊንና ቴለር ከ32 እስከ 500 ቅንጣቶች ይዘው ዘዴውን ለፕላዝማ አዋሉት። ኤሌክትሮኖችን ግን እኩል እንደ ተነጠፈ ዳመና ብቻ ቆጠሩ። የኤሌክትሮኖችን የኳንተም ጠባይ በዕጣ ያሰሉት ሴፐርሊና አልደር ናቸው፤ ይኸውም በ1980 ዓ.ም. ነው።

ይህ ጥበብ ያደገው የአቶም ቦምብ በተሠራበት በሎስ አላሞስ ነው። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ሒሳብን ስንማር ውጤቱን ብቻ ሳይሆን የምናውልበትንም እናስብ። ያው ቁጥር ከተማን ለማፍረስም ኮከብን ለማወቅም ያገለግላልና።