ሁለቱ የካሴት ጥርሶች

ስለ ታላላቅ የፈጠራ ሥራዎች ሲወራ ሰው አውሮፕላኑንና ኮምፒዩተሩን ያነሣል። እኔን ግን ዘወትር የሚገርሙኝ በካሴት ጀርባ፣ በቀኝና በግራ ጠርዝ ላይ የተቀመጡት ሁለት ጥቃቅን የፕላስቲክ ጥርሶች ናቸው። ምክንያቴን ላጫውታችሁ።

በደርግ ዘመን ታላቅ ወንድሜ ካርቱም ሳለ ደብዳቤ የሚልክልን በካሴት ነበር። እናቴ ፊደል ስላልቆጠረች፣ የልጇን ነገር ከሰው አፍ ከምትሰማ ከራሱ አፍ ብትሰማ ይሻላል ብሎ ነው። ቴፑ አጠገብ ቁጭ ብላ «እንደምን ነሽ እማዬ» ሲል «ደኅና ነኝ ልጄ» እያለች ትመልስለታለች። እኔ ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከራዲዮ ዘፈን ልቀዳ ፈልጌ፣ ባዶ የመሰለኝን ካሴት ከተትኩና ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ። የቀረውን መገመት ትችላላችሁ።

ለመሆኑ ይህ ዕቃ ከየት መጣ? ከካሴት በፊት የድምፅ ክር በትልልቅ ጎማ ላይ የሚጠቀለል፣ ለመግጠምም ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። ሉ ኦተንስ የተባለው የሆላንድ መሐንዲስ ኮቱ ኪስ የሚገባ ጠፍጣፋ እንጨት አስቆረጠና «አዲሱ ዕቃ ከዚህ አይበልጥም» ብሎ ተነሣ። ፊሊፕስ ውጤቱን በ1963 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ለሕዝብ አሳየ። የክሩ ስፋት አራት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ኩባንያው ሌሎችም በነፃ እንዲሠሩት ስለፈቀደ፣ የትም የተሠራ ካሴት የትኛውም ቴፕ ውስጥ ይገባል። ለኔ ዋናው ብልኅነት ይህ ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ከካሴት በፊት የነበረው ሸክላ ነው። በ1940 ዓ.ም. በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ወጣቱ አምሃ እሸቴ ይህን ተዳፍሮ በ1969 እ.ኤ.አ. የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ይሁንና ሸክላ የሚታተመው ውጭ አገር ነው፤ ገንዘብ፣ ፈቃድና መርከብ ይፈልጋል። አብዮቱ መጣ፤ ሰዓት እላፊው የምሽት ክበቦችን ዘጋ፤ አምሃም በ1975 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ቀረ። ካሴት ግን ፋብሪካ አልጠየቀም። ሁለት ቴፕና አንድ ጠባብ ሱቅ ያለው ሰው ሙዚቃ ቤት ከፈተ። ዘፈን ታክሲ ውስጥ ገባ፤ ገጠር ወረደ። ዘፋኙ ግን ሥራው ያለ ፈቃዱ ሲባዛ ዓይኑ እያየ ቆየ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው።

አሁን ወደ ጥርሶቹ ልመለስ። ጥርሱ ካለ ቴፑ ይቀዳል፤ ከተሰበረ ግን ውስጥ ያለው ጣት ቀዳዳው ውስጥ ይገባና ቀዩ ቁልፍ አልጫን ይላል። እያንዳንዱ ጥርስ አንዱን ገጽ ይጠብቃል። ሐሳብህን ከቀየርክ ቀዳዳውን በፕላስተር ትሸፍናለህ። የዛሬው ስልክ «ላጥፋው ወይ?» ሲለን ሳናነብ «አዎ» እንላለን። ጥርስ ግን በቢላ ጫፍ፣ አስቦበት የሚሰበር ነው። ከዚህ የተሻለ መቆለፊያ አላየሁም።

ጉድለቱም ግን እዚያው ላይ ነው። ፋብሪካ ቀድቶ የሚሸጠው ካሴት ጥርሱ ቀድሞውኑ የለም። ባዶው ካሴት ግን ጥርሱ እንዳለ ይሸጣል፤ ስበረው ብሎ የሚነግር የለም። ስለዚህ ሌላ ሺህ ቅጂ ያለው ዘፈን ሲጠበቅ፣ በዓለም ላይ አንድ ብቻ የሆነው የወንድሜ ድምፅ ሜዳ ላይ ቀረ።

እናቴ አልተቆጣችኝም። የቀዳሁት አንድ ዘፈን ብቻ ስለነበር፣ እሱ ሲያበቃ የወንድሜ ድምፅ ከመሐል ይቀጥላል፦ «...ለሁሉም ሰላምታ አቅርቡልኝ» ይልና ያልቃል። ከካርቱም የመጣልን የመጨረሻ ካሴት ያ ሆነ። እናቴ በኋላም ስታደምጠው ዘፈኑን አታሳልፈውም፤ እስኪያልቅ ትጠብቃለች። ጥርሱን በዚያው ዕለት ማታ የሰበርኩት እኔ ነኝ። ካሴቱ ዛሬም አለ።