የስክሪፕት ክልከላና ፈቃድ አጭር ታሪክ
እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 በኢሜይል የተሠራጨው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው የኮምፒውተር ትል፣ አንድ ስክሪፕት፣ ማለትም ኮምፒውተር በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል፣ በአንድ ጠቅታ ምን ያህል ጥፋት እንደሚያደርስ አሳየ። ማይክሮሶፍት በ2006 ፓወርሼል የተባለውን፣ ትእዛዝና ስክሪፕት የሚያስፈጽም ፕሮግራም ሲያወጣ፣ በእጅ የሚጻፉ ትእዛዞችን ፈቅዶ የስክሪፕት ፋይሎችን ግን ከመነሻው ከለከለ። የ2009ኙ የፓወርሼል ሁለተኛ እትም የኮምፒውተር አስተዳዳሪው ከወንበሩ ሳይነሣ ሩቅ ያሉ ኮምፒውተሮችን እንዲያዝ ስላስቻለው፣ ይህን ክልከላ በብዙ ማሽኖች ላይ በአንድ መስመር ትእዛዝ ማንሣት ቀላል ሆነ፤ በ2013 የወጣው የማይክሮሶፍት ሥርዓተ ክወና ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር2 ደግሞ ከኢንተርኔት የወረደ ስክሪፕት ብቻ የታመነ ዲጂታል ፊርማ እንዲኖረው በመጠየቅ ደንቡን አላላው። ይሁንና ይህ የክልከላ ቅንብር፣ አምራቹ ራሱ እንደሚያምነው፣ ተጠቃሚን ከስሕተት የሚጠብቅ እንጂ አጥቂን የሚያግድ አይደለም፤ የፋይሉን ይዘት ቀድቶ በትእዛዝ መስኮቱ ላይ መለጠፍ ክልከላውን ለማለፍ ይበቃል።