ከጧፍ እስከ ቁልፍ መያዣ

ፈረንጅ «ብልጭታ» ብሎ ሰየማት፡፡ እኛ በምግቧ ጠራናትና «ባትሪ» አልናት፤ ምግቧን ደግሞ «ድንጋይ» አልነው፡፡ እስቲ «ባትሪዬ ድንጋይ ጨርሳለች» የሚለውን ለአንድ የውጭ አገር ሰው ቃል በቃል ተርጉሙለትና ፊቱን እዩት!

ዛሬ የምናወጋው ስለዚህችው ባትሪ ነው፤ ያውም ስለ ትንሿ፣ ከቤት ቁልፍ ጋር ስለምትንጠለጠለው፡፡ የሱቁ መደርደሪያ ሞልቷል፤ ጥያቄው «የቷን ልያዝ?» ነው፡፡ መልሱን ፍለጋ መርካቶ ከመውረዳችን በፊት ግን ወደ ደቡብ ጎንደር፣ ወደ ጋይንት እንውጣ፡፡ ለምን ቢሉ፣ «ለየትኛው ሥራ ምን ያህል ብርሃን ይበቃል?» የሚለውን ጥያቄ እዚያ ያሉ ሰዎች ከእኛ ቀድመው፣ በቁም ነገር መልሰውታልና፡፡

ጋይንት ውስጥ ቤተ ልሔም አለች፡፡ የድጓ ምስክር የሚገኝባት ደብር ናት፡፡ ተማሪው ድጓውን የትም ይማር የት፣ «አስመስክሮ» መምህር ለመባል ዓይኑን የሚጥለው ወደ ቤተ ልሔም ነው፤ ዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አባ እንደሚያስኬድ ሁሉ፡፡ ከአጫብርና ከቆማ ጋር በስም ተለይቶ የሚጠራ የራሷ የዜማ ስልትም አላት፡፡

አሁን የድጓን ገጽ በዓይነ ሕሊናችሁ ግለጡ፡፡ ጽሕፈቱ ደቃቅ ነው፡፡ ከፊደሉ አናት ላይ ደግሞ ከፊደሉ የባሰ የደቀቁ የዜማ ምልክቶች ተቀምጠዋል፤ ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ቁርጥ፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ሂደት፡፡ ድርስና አንብር ሲጨመሩ 10 ይሆናሉ፡፡ ምልክቶቹ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540-1559) በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተሠሩ ይነገራል፡፡ አንዷን ጭረት በሌላ ያነበበ ዜማውን ሳተ ማለት ነው፡፡ ይኼን ደግሞ በጭለማ ማን ሊያየው!

የአብነት ትምህርት ቤቱ መፍትሔ የሚያስገርም ነው፡፡ ብርሃንን ከማብዛት ይልቅ ሥራውን ለሁለት ከፈለው፡፡ ዓይን የሚፈልገው ንባብና ጽሕፈት ለቀን ተሰጠ፡፡ ጆሮና አእምሮ ብቻ የሚፈልገው ትምህርት ለምሽትና ለሌሊት ተተወ፤ ስሙም «የቃል ትምህርት» ተባለ፡፡ ተማሪው በጭለማ ተቀምጦ ከመምህሩ ወይም ከታላቁ አፍ እየተቀበለ ያጠናል፡፡ «በቃል ያለ ይረሳል» የሚለውን ተረት እናውቃለን፤ የቆሎ ተማሪ ግን ጧፍ መግዣ ስላልነበረው በቃል ያለውን አለመርሳት ግዴታው ነበር፡፡

ብርሃን ውድ ነበራ! ጧፍ ማለት ፈትል በሰም ተነክሮ ነው፤ ሰሙ ከንብ፣ ንቧ ከአበባ፡፡ እንዲህ ተለፍቶበት የመጣ ነገር በመጀመሪያ የሚገባው ለቤተ መቅደስ ነው፡፡ ችቦ ደግሞ ለጉዞና ለቡሄ ጥሩ ነው፤ የሣር ጣሪያ ሥር ግን እንግድነቱ አያምርም፡፡ ራሷ የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ብርሃን ምን እንደሚያደርግ ታሳያለች፡፡ ከውጭ ለሚያያት እንደ ብዙዎቹ የአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ክብ ናት፤ በውስጧ ግን ጥንታዊ አራት ማዕዘን ሕንፃ አቅፋለች፡፡ እ.ኤ.አ. በ1955 የደረሰባት ወጣቱ እንግሊዛዊ ቶማስ ፓክንሃም ይህንኑ ለውጭው ዓለም ጻፈ፡፡ የደብሩ ሰዎች ያውቁት ለነበረው ነገር «ተገኘ» ተባለለት፤ የተለመደ ነው፡፡

ከሰም በኋላ ላምባ መጣ፡፡ ላምባ ኩራዝን፣ ፋኖስን፣ ለሠርግና ለለቅሶ ቤት ደግሞ ማሾን አመጣ፡፡ ከሁሉም የድሃው ወዳጅ ኩራዝ ነበረች፤ አንድ ጣሳ፣ አንድ ክር፣ ትንሽ ላምባ፡፡ ዋጋዋን በጭስ ታስከፍላለች እንጂ ውለታዋ ብዙ ነው፡፡ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ፣ ቀን ሞፈር ጨብጦ የዋለ ገበሬ ማታ ፊደል ለመቁጠር የሚያሳየው ነገር ያስፈልገው ነበር፡፡ በዚያው በደርግ ዘመን ብዙ መጻሕፍት ያወጣው አሳታሚ ድርጅት ስሙ ምን ነበር? ኩራዝ!

ባትሪስ? አገሯ አሜሪካ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1886 ጀርመናዊው ካርል ጋስነር የማይፈስ ደረቅ ድንጋይ አስመዘገበ፡፡ በ1899 ዴቪድ ሚሰል የተባለ ሰው ድንጋዮችን በቱቦ ደርድሮ ከፊት አምፖል በማድረግ የፈጠራ መብት አገኘ፤ ኮንራድ ሁበርት የተባለው ነጋዴም ኋላ «ኤቨርሬዲ» የተባለውን ስም ይዞ ገበያ አወጣት፡፡ የያኔው ድንጋይ ደካማ በመሆኑ ለአፍታ አብርቶ ማረፍ ነበረበት፤ «ብልጭታ» ያሰኛትም ይኸው ነው፡፡ በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1898 አካባቢ፣ የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጀኔሬተር መብራት እንዳገኘ ይነገራል፡፡ መብራት ለንጉሡ በሽቦ መጣ፤ ለገጠሩ ሰው ግን ከሽቦው ቀድማ የደረሰችው ባለ ድንጋዩዋ ባትሪ ነበረች፡፡ ጅብ በሚበዛበት አገር ሌሊት ለሚሄድ ሰው ይኼ ቀላል ነገር አይደለም፡፡

ቀጥሎ የመጣው ከእጅ ስልክ ጋር ነው፡፡ ኖኪያ 1100 እ.ኤ.አ. በ2003 ሲወጣ አናቱ ላይ ትንሽ መብራት ነበረው፤ በዓለም ዙሪያ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፡፡ መብራቷን ትንሽ ያደረጋት ኤልኢዲ ነው፡፡ ነጭ ብርሃን የሚሰጠው ኤልኢዲ ሊሠራ የቻለው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጃፓኖች ጠንካራ ሰማያዊ ኤልኢዲ ካበጁ ወዲህ ነው፤ ሦስቱ ሊቃውንት፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ፣ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመውበታል፡፡ ቁልፍ ላይ የምትንጠለጠለው የዚህ ልጅ ናት፡፡

«ስልኬ መብራት ካለው ለምን ሌላ እይዛለሁ?» የምትሉ አላችሁ፡፡ መልሴ እንዲህ ነው፡፡ ማታ ከታክሲ ወርዳ ወደ ሰፈሯ የምትገባ ሴት ስልኳን አውጥታ መንገድ ስታበራ፣ ሌባ የሚፈልገውን ነገር በእጇ ይዛ ቦታውንም እያሳየችው ነው፡፡ በዚያ ላይ ለእርዳታ የምትደውልበትን ቻርጅ እያቃጠለች ነው፡፡ መብራት መጥፋቱ ቀርቷል የሚልም ካለ፣ በ2001 ዓ.ም. በፈረቃ ኖረናል፤ በግንቦት 2011 ዓ.ም. ፈረቃው ተመልሶ መጥቷል፡፡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ ተመርቋል፤ እሰየው ነው፡፡ ግድብ ግን የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ የተቃጠለ አምፖል አይቀይርም፡፡

እንግዲህ ወደ ሱቁ እንግባ፡፡ የቤተ ልሔም ትምህርት የመጀመሪያው ነው፤ ሥራውን ለዩ፡፡ አንድ ሻማ የሚሰጠው ብርሃን ወደ 12 ሉመን ነው፤ በዚያ ብርሃን ስንት መጽሐፍ ተነቧል! የቁልፍ ቀዳዳ ለማግኘትና ደረጃ ለመውጣት ከ5 እስከ 20 ሉመን ይበቃል፡፡ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ትልቅ ቁጥር አያስጎምጃችሁ፤ ዝቅ ማለት የምትችለዋ ትበልጣለች፡፡

ሁለተኛ፣ ምግቧን ጠይቁ፡፡ ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ፡፡ በሰዓት ድንጋይ የምትሠራው ቀላልና ርካሽ ናት፡፡ ድንጋዩ ላይ «2032» ከተባለ ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ማለት ነው፤ 3 ቮልት ይሰጣል፤ ቶሎ ግን ይደክማል፡፡ በቀጭኑ የሪሞት ድንጋይ የምትሠራው ወፈር ትላለች፤ ድንጋይዋን ግን ከብዙ ሱቅ ታገኛላችሁ፡፡ ገጠር ለምትወጡ ምርጫዬ እሷ ናት፡፡ በዩኤስቢ የምትሞላዋ ከተማ ለሚውል ሰው ጥሩ ናት፤ መብራት በጠፋ በሦስተኛው ቀን ግን እሷም እንደ እኛው ናት፡፡

ሦስተኛ፣ ቀለሟን እዩ፡፡ በብራና መጻሕፍት ርእስና የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል፡፡ የጧፍ ነበልባል ደካማ ቢሆንም ቀዩን ቀይ አድርጎ ያሳያል፡፡ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ርካሽ ኤልኢዲ ግን ቀዩን ያጠቁረዋል፡፡ መጽሐፍ ለሚያነብም፣ ቁስል ለሚያይም ልዩነቱ ትልቅ ነው፡፡ ሱቁ ውስጥ መዳፋችሁ ላይ አብሩት፤ እጃችሁ የሬሳ ከመሰለ መልሱለት፡፡

አራተኛ፣ «50 ሰዓት ታበራለች» የሚለውን በጥንቃቄ አንብቡ፡፡ በአሜሪካ የባትሪ ደረጃ መለኪያ መሠረት ሰዓቱ የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመነሻው 10 በመቶ እስኪደርስ ነው፤ መጨረሻው ላይ የምታገኙት አንድ አሥረኛውን ነው ማለት ነው፡፡ ለክረምቱ ደግሞ «አይፒኤክስ 4» ከተባለ ፍንጣቂ፣ «7» ከተባለ አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ትችላለች፡፡

አምስተኛውን ከሁሉ አጥብቄ እላለሁ፡፡ ሕፃን ባለበት ቤት ባለ ሰዓት ድንጋይዋን ካሰባችሁ ክዳኗ በብሎን የሚታሰረውን ብቻ ግዙ፡፡ ድንጋዩን የዋጠ ሕፃን ጉሮሮው በሁለት ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊቃጠል ይችላል፤ እስኪወጣ አይጠበቅም፣ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ነው፡፡ ያለቀውንም ድንጋይ ከልጅ እጅ አርቁ፤ ባትሪ ማብራት ያቃተው ድንጋይ ጉሮሮ ማቃጠል አያቅተውም፡፡

ዛሬም ከአገራችን ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው ማታ የሚያበራው የኤሌክትሪክ መስመር የለውም፡፡ ለእኛ ከቁልፍ ጋር የምትንቃጨል ጌጥ የሆነችው፣ ለአንድ የአብነት ተማሪ በምሽት አንድ ተጨማሪ ገጽ ናት፡፡ ስለዚህ ለራሳችሁ ስትገዙ፣ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ካለ ሁለተኛዋን አስይዙት፤ ድንጋይዋንም አብራችሁ፡፡

ቸር ያሰንብተን፡፡