አሮጌ ደጋን ከመግዛትዎ በፊት፤ ዋጋው ሌላ፣ ደኅንነቱ ሌላ

በምኖርበት በሚሺጋን ግዛት በጋው ሲገባ ሰዉ የማይፈልገውን ዕቃ ከጋራዡ አውጥቶ ደጃፉ ላይ ይዘረጋል። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በየደጃፉ መዞር ከለመድኩ ዓመታት አልፈዋል። ከአሮጌ ወንበርና ከተጣለ መጽሐፍ መካከል አንድ ዕቃ ብዙ ጊዜ አይጠፋም፤ ጫፎቹ ወደ ፊት የተቆለመሙ፣ ከእንጨትና ከፋይበር ግላስ ተጣብቆ የተሠራ መወርወሪያ። ፈረንጆቹ ሪከርቭ ይሉታል።

እኛ "ቀስት" ስንል አንዳንዴ መወርወሪያውን፣ አንዳንዴም ተወርዋሪውን ማለታችን ነው። ስለዚህ በዚህች ጽሑፍ መወርወሪያውን ደጋን፣ ተወርዋሪውን ፍላጻ፣ የሚሳበውን ገመድ አውታር እላለሁ። ደጋን እናቶቻችን ጥጥ የሚነድፉበት መሣሪያ ስም ስለሆነ እንግዳ አይሆንብንም። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያውን ደጋኔን የሸጠልኝ ሰው "በ1953 ካናዳ ውስጥ የተሠራ ብርቅ ዕቃ ነው" ብሎ ማለልኝ። ጽሑፉንም አሳየኝ። 150 ዶላር ከፍዬ ቤቴ ወሰድኩት፤ ለሦስተኛ ጊዜ ስስበው ላይኛው ክንፉ ተሰበረና ስባሪው ቅንድቤን ሰነጠቀው። ትንሽ ዝቅ ቢል ኖሮ ዛሬ የምጽፈው በአንድ ዓይን ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው። ሁለት ጥያቄዎችን ለየብቻ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ምን ያህል ያወጣል? ቢስቡትስ ይችላል?

ለምን በየጋራዡ ተገኘ?

ፍሬድ ቤር የተባለው ስመ ጥር አዳኝና ደጋን ሠሪ ፋብሪካውን በ1947 እዚሁ ሚሺጋን፣ ግሬይሊንግ ከተማ ተክሎ ነበር። ፋብሪካው በ1978 ወደ ፍሎሪዳ ሄደ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ በፋይበር ግላስ የተለበጠው ደጋን በየቤቱ ገባ። በአርካንሳስ ቤን ፒርሰን፣ በዋሽንግተን ግዛት ዴመን ሃዋት የሚባሉትም በዚሁ ሥራ የታወቁ ነበሩ። ኋላ ሆሊስ ዊልበር አለን የተባለ የሚዙሪ ሰው ባለመዘውሩን ደጋን ፈለሰፈና በ1969 ፓተንት አገኘ። አዳኙ ሁሉ ወደ አዲሱ ሲዞር አሮጌው ጋራዥ ገባ።

ዕድሜውን ማወቅ

እኔን ያታለለኝ ጽሑፍ ብዙ ሰው ያታልላል። በብዙ የቤር ደጋኖች ላይ "ካናዳ 1953" የሚል ይነበባል። ይህ የፓተንቱ ዓመት እንጂ ደጋኑ የተሠራበት ዓመትና አገር አይደለም። ጽሑፉ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በተሠሩት ላይም አለ። የተሻለው ምልክት መያዣው ላይ ያለችው ክብ ሜዳይ ናት። እስከ 1972 ድረስ ከእንጨቱ ጋር እኩል የተቀበረች የብረት ሳንቲም ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከእንጨቱ ከፍ ብላ የምትታይ ሆነች። በጣት ዳበስ በማድረግ ብቻ ይለያል።

በዓይንና በእጅ መመርመር

በመጀመሪያ አውታሩ ሳይገባ ሁለቱን ክንፎች በብርሃን ይመልከቱ። በክንፉ ርዝመት የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች በአሮጌ ደጋን ላይ የተለመዱ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ አያሰጉም። ክንፉን አቋርጦ የሚያልፍ ስንጥቅ ካዩ ግን ደጋኑን ያስቀምጡት። የኔን የሰበረው ይኸው ነው።

ሁለተኛ፣ በጎንና በጎኑ ባትሪ እያበሩ የማጣበቂያውን መስመር ይከተሉ። ፋይበር ግላሱ ከእንጨቱ የተላቀቀበት ክፍተት ካለ አይሳብም። በጋውን መኪና ውስጥ ወይም ከጣሪያ ሥር የከረመ ደጋን ማጣበቂያው በሙቀት ሊለቅ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ጥጥ ይያዙና ክንፎቹን ከላይ እስከ ታች ይጥረጉ። ጥጡ የያዘበት ቦታ ዓይን ያላየው ስንጣሪ አለ። ደጋንና ጥጥ እዚህም አልተለያዩም።

አራተኛ፣ አውታሩን አስገብተው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይመልከቱ። አውታሩ በሁለቱም ክንፎች መሐል ለመሐል ማለፍ አለበት። ወደ ጎን ከሸሸ ክንፉ ተጣሟል ማለት ነው። ጥቂት መጣመም በሞቀ ውሃ አሙቆ ቀስ ብሎ በእጅ በማቃናት ሊስተካከል ይችላል፤ ብዙ ከሆነ ይተውት። አንዱ የመጣመም ምክንያት ደጋኑን በእግር መሐል አስገብቶ አውታር ማስገባት ነው። ለዚሁ የተሠራው ማስገቢያ ገመድ ርካሽ ነው፤ ይግዙት።

አውታሩን ሲመርጡም ይጠንቀቁ። በ1980ዎቹ የመጡት የማይለጠጡ ክሮች የአሮጌ ደጋንን ጫፍ ይቆርጣሉ፤ የሚስማማው ዳክሮን ነው። ርዝመቱም አብዛኛውን ጊዜ ከደጋኑ ከ3 እስከ 4 ኢንች ያንሳል። ይህ ሁሉ ከተሟላ አውታሩ ገብቶ አንድ ሰዓት ይቆይ፤ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ይሳቡት። ፍላጻ ሳይኖር ስቦ መልቀቅ ግን ፈጽሞ አይገባም። ፍላጻው ይዞት ሊሄድ የነበረው ጉልበት ተመልሶ ክንፉን ይሰብራል።

ጉልበቱ

ክንፉ ላይ "45#" የሚል ካዩ 45 ፓውንድ ማለት ነው፤ በተለመደው መለኪያ 28 ኢንች ሲሳብ። በእያንዳንዱ ኢንች 2 ወይም 3 ፓውንድ ይለያያል። ክንድዎ 26 ኢንች ብቻ የሚስብ ከሆነ 40 ፓውንድ ገደማ ይሰማዎታል ማለት ነው። ለጀማሪ ከ25 እስከ 35 ፓውንድ ይበቃል። አሮጌዎቹ ብዙዎቹ ለአደን ስለተሠሩ ከዚህ በላይ ናቸው። በአጉል ጀግንነት ከባዱን መግዛት ትከሻን መጉዳት ነው።

ዋጋው

ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ያልተነካውን ነው። ለማነጣጠሪያ ተብሎ የተበሳ ቀዳዳ፣ አዲስ ቫርኒሽ፣ የጠፋ ጽሑፍ ዋጋውን ይቀንሳል፤ ለሚወረውርበት ሰው ግን ያን ያህል ላይገዱት ይችላሉ። በግራ እጅ ለሚስብ የተሠራ ከሆነ ገዢው ጥቂት ነው። በኢንተርኔት ሲያመዛዝኑ የተጠየቀውን ዋጋ ሳይሆን በርግጥ የተሸጠበትን ይመልከቱ። መጠየቅ ማንም ይጠይቃል።

ባለፈው ዓመት ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት ጎረቤቴ የሟቹን ደጋን ይዘው መጡ። አንድ ሰው 20 ዶላር እሰጣለሁ ብሏቸዋል። ሳንቲሟ የተቀበረች፣ አንድም ቀዳዳ የሌለው፣ ጽሑፉ የሚነበብ ነው። ባትሪ ሳበራበት ግን ከታችኛው ክንፍ ጫፍ አጠገብ ማጣበቂያው ለቋል። በ25 ዶላር ልወስደው እችል ነበር፤ አልዋሽም፣ አሳቡ መጥቶብኛል። ቅንድቤን ዳሰስኩና እውነቱን ነገርኳቸው። ለሰብሳቢ ከ20 ዶላር በጣም ይበልጣል፣ ጉድለቱን ግን ለገዢው ይንገሩት፤ የልጅ ልጅዎ ደግሞ እንዳይስበው አልኳቸው። አልሸጡትም። አውታሩን አውጥተው ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል፤ ቡና ስጠጣ ፊት ለፊቴ ነው።

ቸር ይግጠመን።