የተሰበረው የሽቱ ብልቃጥና የመበለቲቱ ሁለት ናስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጌታችን አምላካችንና መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በቢታንያ፣ በለምጻሙ በስምዖን ቤት በማዕድ ተቀምጦ ሳለ አንዲት ሴት የአልባስጥሮስ ብልቃጥ ይዛ ገባች። ብልቃጡንም ሰብራ በውስጡ የነበረውን እጅግ የከበረ የናርዶስ ሽቱ በራሱ ላይ አፈሰሰችው። በዚያ ከነበሩት አንዳንዶቹ ተቆጡ፤ ጌታችን ግን ሥራዋን መልካም ብሎ ተቀበለላት። ወንጌል በሚሰበክበት በዓለም ሁሉ ይህ ሥራዋ ለመታሰቢያዋ እንደሚነገርላትም ተናገረ (ማር. 14፥3-9)።

ይህ ተስፋ እስከ ምድር ዳርቻ የሚደርስ ነው። ከአሶሳ በስተሰሜን፣ ወደ ሱዳን ጠረፍ አቅጣጫ በምትገኘው በመንጌ ያለ አንድ ክርስቲያን ይህን ምዕራፍ ገልጦ ባነበበ ጊዜ ጌታችን ለሴቲቱ የተናገረው ቃል በዚያም ይፈጸማል። እኛም በዚህ ጽሑፍ የሽቱውን ታሪክ ከመበለቲቱ ሁለት ናስ ጋር አያይዘን፣ ራስን ለእግዚአብሔር አሳልፎ መስጠት ምን እንደ ሆነ እንመለከታለን።

ታሪኩ በወንጌልና በቤተ ክርስቲያን

የሽቱውን ታሪክ ቅዱስ ማቴዎስ በምዕራፍ 26፣ ቅዱስ ማርቆስ በምዕራፍ 14፣ ቅዱስ ዮሐንስም በምዕራፍ 12 ጽፈውታል። ቅዱስ ዮሐንስ ሽቱውን ያመጣችው የአልዓዛር እኅት ማርያም እንደ ሆነች፣ የጌታችንን እግር ቀብታ በጠጕሯ እንዳበሰች፣ ቤቱም በሽቱው መዓዛ እንደ ተሞላ ይነግረናል። ቅዱስ ሉቃስ ደግሞ በምዕራፍ 7 በፈሪሳዊው ስምዖን ቤት በእንባዋ የጌታችንን እግር ያጠበችውን፣ ሽቱም የቀባችውን ኀጢአተኛ ሴት ታሪክ አስፍሯል። ብዙ የተተወለት ብዙ እንደሚወድ ጌታችን ያስተማረው በዚያ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ሽቱ የቀባችው ሴት «ማርያም እንተ ዕፍረት» ተብላ ትታወሳለች፤ ዕፍረት በግእዝ ሽቱ ማለት ነው።

በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ሦስት ስያሜዎች አሉት። አይሁድ ጌታችንን ለመያዝ ስለ መከሩበት የምክር ቀን፣ ሴቲቱ ሽቱ ስላፈሰሰችለት የመልካም መዓዛ ቀን፣ በእንባዋ እግሩን ስላጠበችው የእንባ ቀን ይባላል። ስለዚህ በዚያው ዕለት ሁለት ተቃራኒ ሥራዎችን እናስባለን፤ አንዲቱ 300 ዲናር የሚያወጣ ሽቱ ስታፈስ፣ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ጌታውን በ30 ብር ለመሸጥ ተስማማ (ማቴ. 26፥14-16)። በየሳምንቱ ረቡዕን ስንጾም ከሁለቱ የማንኛቸው ወገን እንደ ሆንን ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባል።

የመበለቲቱን ታሪክ የምናገኘው ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ጌታችን በቤተ መቅደስ በመዝገቡ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሕዝቡ ገንዘብ ሲጨምር ይመለከት ነበር። ባለጠጎች ብዙ ጨመሩ፤ አንዲት ድሃ መበለት ግን ሁለት ናስ ብቻ ጨመረች። እርሱም ደቀ መዛሙርቱን ጠርቶ፣ ሌሎቹ ከትርፋቸው እንደ ሰጡ፣ እርሷ ግን መተዳደሪያዋን ሁሉ እንደ ሰጠችና ከሁሉ አብልጣ እንደ ጨመረች ነገራቸው (ማር. 12፥41-44)። ቅዱስ ማርቆስ የመበለቲቱን ታሪክ በምዕራፍ 12 ፍጻሜ፣ የሽቱውን ታሪክ በምዕራፍ 14 መጀመሪያ አስቀምጦ፣ ስለ ቤተ መቅደሱ መፍረስና ስለ ዓለም ፍጻሜ የተነገረውን ትምህርት በመካከላቸው አድርጎታል። የከበረው ሕንጻ እንደሚፈርስ በተነገረበት ስፍራ፣ የሁለት ሴቶች ሥራ የማይረሳ መታሰቢያ ሆኖ ከፊትና ከኋላ ቆሟል።

በሰው ሚዛንና በጌታ ሚዛን

የመንጌ ወረዳ በአሶሳ ዞን ከሚገኙት ወረዳዎች አንዷ ናት። አብዛኞቹ ነዋሪዎቿ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጆችና የእስልምና ተከታዮች ናቸው፤ ክርስቲያኖች በቁጥር ጥቂት ናቸው። አካባቢው ከጥንት ጀምሮ በወርቅ ይታወቃል። ወንዶችም ሴቶችም አፈሩን ቆፍረው፣ ውኃ ወዳለበት ተሸክመው፣ በገበቴ እያጠቡ ከብዙ አፈር ጥቂት የወርቅ ቅንጣት ያወጣሉ። በወርቅ ገበያ ደግሞ ሁሉም ነገር በሚዛን ይለካል፤ ጥቂቷም ቅንጣት ብትሆን ዋጋ አላት። ስለዚህ ስለ ሚዛን የተነገረ ትምህርት ለዚህ አካባቢ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

እስኪ ሁለቱን ስጦታዎች በሰው ሚዛን እናስቀምጣቸው። ናርዶስ በሂማላያ ተራሮች ከሚበቅል ተክል ሥር የሚገኝ፣ ከሩቅ ምሥራቅ በነጋዴዎች እጅ ተጉዞ ይመጣ የነበረ ሽቱ ነው። በተቈጡት ሰዎች ግምት ዋጋው ከ300 ዲናር በላይ ነበር። አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ስለ ነበረ (ማቴ. 20፥2)፣ ሰንበታትና በዓላት ሲቀነሱ የአንድ ዓመት የሥራ ዋጋ ያህል ነው። የመበለቲቱ ሁለት ናስ ደግሞ አንድ ኮድራንስ ነበር፤ በሮማውያን አቈጣጠር አንድ ዲናር 64 ኮድራንስ ነው። እንግዲህ 300 ዲናር ከመበለቲቱ ስጦታ 19,200 እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው።

ይህን ያህል የሚራራቁ ሁለት ስጦታዎች በጌታችን ዘንድ አንድ ዓይነት ምስጋና አገኙ። ስለ መበለቲቱ ያላትን ሁሉ እንደ ሰጠች፣ ስለ ባለ ሽቱዋም የሚቻላትን እንዳደረገች መሰከረ። ስለዚህ ስጦታን የሚያከብረው ብዛቱ አይደለም፤ ማነሱም ብቻውን አያከብረውም። ጌታችን የተመለከተው ሰጪው ለራሱ ያስቀረውን ነው። መበለቲቱ ሁለት ናስ ስለ ነበራት አንዱን ሰጥታ አንዱን ለራሷ ማስቀረት ትችል ነበር። ሽቱ ያመጣችውም ጥቂት አፍስሳ የቀረውን ለሌላ ቀን ማቈየት ይቻላት ነበር። እርሷ ግን ብልቃጡን ሰበረችው። የተሰበረ ብልቃጥ ተመልሶ አይከደንም፤ ለነገ ተብሎም በውስጡ የሚቀመጥ ነገር የለም።

«ለድሆች በተሰጠ ነበር» ለሚለው ጥያቄ

በሽቱው መፍሰስ የተቈጡት ሰዎች ያቀረቡት ምክንያት ሲሰሙት መልካም ይመስላል፤ ተሸጦ ለድሆች ቢሰጥ ይሻል ነበር አሉ። ይህ ጥያቄ ዛሬም በመካከላችን አለ። ለቤተ ክርስቲያን ሕንጻ፣ ለንዋያተ ቅድሳት፣ ለጧፍና ለዕጣን የሚወጣው ገንዘብ ለተራቡት ቢውል አይሻልምን? የሚሉ ወገኖች አሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ መልሱን ግን ከራሱ ከወንጌሉ ማግኘት ይገባናል።

ቅዱስ ዮሐንስ ወንጌላዊ ይህን የተናገረው የአስቆሮቱ ይሁዳ እንደ ሆነ፣ የተናገረውም ለድሆች አዝኖ ሳይሆን የገንዘብ ከረጢቱን ይዞ ይሰርቅ ስለ ነበረ እንደ ሆነ ገልጧል (ዮሐ. 12፥4-6)። ስለ ድሆች መናገርና ለድሆች መኖር የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ እንማራለን። ጌታችን ድሆች ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ናቸው ሲል ደግሞ ድሆችን ቸል እንድንል ፈቃድ መስጠቱ አይደለም። ቃሉ የሚያስታውሰን የኦሪትን ሕግ ነው፤ በዚያም ድሆች ከምድር ስለማይጠፉ ለተቸገረው ወንድምህ እጅህን ዘርጋ የሚል ትእዛዝ ተያይዞ ተሰጥቷል (ዘዳ. 15፥11)።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል በተረጐመበት ድርሳኑ ይህን ጉዳይ በጥንቃቄ ለይቶ አስተምሯል። አንድ ሰው ንዋየ ቅድሳት አሠርቶ ይዞ ቢመጣ ሽጠው ብለን ፍቅሩን እንዳናቀዘቅዝበት፣ ሳያሠራ በፊት ምክር ቢጠይቀን ግን ለድሆች እንዲሰጥ እንድንመክረው ይናገራል። በመሠዊያው ላይ ያለውን ክርስቶስን አክብረን በደጅ የታረዘውን ክርስቶስን እንዳንረሳም አጥብቆ ያስጠነቅቃል። ብልቃጧን የሰበረች ነፍስ በድሃው ፊት እጇን አትሰበስብም፤ ሽቱውን የመዘነ ይሁዳ ግን ለጌታውም ለድሃውም አልሰጠም።

ለሚሰበስቡ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ

የመበለቲቱን ታሪክ ስንሰብክ ከእርሱ አስቀድሞ ያለውን ቃል መዝለል አይገባንም። ጌታችን መበለቲቱን ከማመስገኑ በፊት ረጅም ጸሎት እያደረጉ የመበለቶችን ቤት የሚበሉትን ጸሐፍት ገሥጿል (ማር. 12፥38-40)። ሁለት ናስ የምትሰጥ ድሃ ባለችበት ቤተ መቅደስ ያንን ሁለት ናስ የሚቀበሉ እጆችም ይመረመራሉ።

ስለዚህ ይህ ወንጌል ለሰጪዎች ብቻ የተጻፈ አይደለም። በሰበካ ጉባኤ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በማኅበራትና በሕንጻ አሠሪ ኮሚቴ የምናገለግል ሁሉ ገንዘቡን በደረሰኝ መቀበል፣ ሒሳቡን በወቅቱ ማስመርመር፣ ለምእመናንም በግልጽ ማሳወቅ መንፈሳዊ ግዴታችን ነው። በሙዳየ ምጽዋቱ ከተጨመረው መካከል የትኛው ገንዘብ የአንዲት እናት የዕለት ጉርስ እንደ ነበረ አናውቅም፤ ጌታችን ግን በመዝገቡ ፊት ተቀምጦ ይመለከታል።

ሳይቈስል የማይገኝ ዕጣን

በቤንሻንጉል ጉሙዝ ቆላማ ስፍራዎች የዕጣን ዛፍ ይበቅላል። ይህ ዛፍ ሙጫውን የሚሰጠው ቅርፊቱ በስለት ሲቈስል ነው፤ ከቍስሉ የወጣው ፈሳሽ ደርቆ ይለቀማል። የተለቀመውም ዕጣን በጥና በፍም ላይ ካልወደቀ መዓዛው አይወጣም። ካህኑ ባጠነ ጊዜ የምናሸተው መልካም መዓዛ ከቍስልና ከእሳት ያለፈ ነው። በቢታንያም ቤቱ በመዓዛ የተሞላው ብልቃጡ ከተሰበረ በኋላ ነበር።

ሴቲቱ ሽቱውን ያፈሰሰችው ለመቃብሩ እንደ ሆነ ጌታችን ተናግሯል። የእርሷ ብልቃጥ መሰበር በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለ እኛ በመስቀል ላይ የሚቈስለውን ቅዱስ ሥጋውን የሚያመለክት ሆነ። አስቀድሞ ራሱን ባዶ አድርጎ እስከ ሞት የታዘዘ እርሱ ነው (ፊልጵ. 2፥6-8)። የእኛ መስጠት ለእርሱ መስጠት የምስጋና መልስ ነው እንጂ ዋጋ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስም ሰውነታችንን ሕያው መሥዋዕት አድርገን እንድናቀርብ (ሮሜ 12፥1)፣ ለእግዚአብሔርም የክርስቶስ መዓዛ እንደ ሆንን ያስተምረናል (2ቆሮ. 2፥15)።

ይህን በሕይወታቸው የፈጸሙ አባቶች በሀገራችን አሉ። ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስና ብፁዕ አቡነ ሚካኤል በ1921 ዓ.ም. በግብፅ ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት መካከል ነበሩ። በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ጊዜ ለወራሪው ተገዝተው ሕዝቡን እንዲያስገዙ ቢጠየቁ ማዕርጋቸውንና ሕይወታቸውን ለማትረፍ ብለው እምነታቸውንና መንጋቸውን አልሸጡም። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. በምዕራብ ኢትዮጵያ በጎሬ በሰማዕትነት ዐረፉ። ብልቃጡ ተሰበረ፤ መዓዛው ግን እስከ ዛሬ ቤቱን መልቶት ይኖራል።

እኛስ ምን እናምጣ?

ሁላችንም ለሰማዕትነት ባንጠራም ሁላችንም የምንሰብረው ብልቃጥ አለን። ለአንዱ ገንዘቡ፣ ለሌላው ጊዜው፣ ለአንዱ ክብሩ፣ ለሌላው ቂሙ ነው። ዐሥራታችንን ስናወጣ፣ ከጾሙ ያተረፍነውን ለተራበው ስናካፍል፣ በዳያችንን ይቅር ስንል፣ በንስሐ አባታችን ፊት የደበቅነውን ኀጢአት ስንናገር ክዳኑን እንከፍታለን፤ ለራሳችን ምንም ሳናስቀር ስናደርገው ደግሞ ብልቃጡን እንሰብረዋለን።

ይህ ትምህርት በተለይ ከከተማ ሆነን ስለ ጠረፋማ አጥቢያዎች ስናስብ ይፈትነናል። በእነዚህ ስፍራዎች የካህናትና የመምህራን ማነስ፣ የንዋያተ ቅድሳትም ጕድለት የታወቀ ነው። የምንልክላቸው ያረጀውን መጋረጃና የተቀደደውን ጃንጥላ ብቻ ከሆነ ከትርፋቸው እንደ ጨመሩት ባለጠጎች ሆነናል። በአንጻሩ በአሶሳ ዙሪያ ከሚኖሩት ምእመናን መካከል በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ቀያቸውን ለቀው በሠፈራ የመጡ ቤተሰቦች ይገኛሉ። ንብረታቸውን ትተው ሃይማኖታቸውን ይዘው የመጡ ሰዎች የሁለት ናስን ትርጉም ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። በመንጌም ሆነ በሌላ ስፍራ ቍጥራቸው ጥቂት የሆነ ክርስቲያኖች በፍቅር፣ በታማኝነትና በመልካም ጉርብትና ሲኖሩ የሌላ እምነት ተከታይ ጎረቤታቸው ሳይቀር የሚያሸተው መዓዛ ይኖራቸዋል።

ውድ ምእመናን! ሴቲቱ በቢታንያ ያፈሰሰችው ሽቱ በዚያች ሌሊት አለቀ፤ መበለቲቱ የጨመረችው ናስም የነበረበት ቤተ መቅደስ ፈርሷል። የሁለቱ ሥራ ግን ወንጌል በደረሰበት ሁሉ ይነገራል። ለራሳችን ያስቀረነው ከእኛ ጋር ያልፋል፤ ለእርሱ የሰጠነው በእርሱ ዘንድ ይኖራል። ሳንሰስት የምንሰጥበትን ልቡና፣ የሚሰጠውንም በታማኝነት የምንጠብቅበትን ኀይል ያድለን ዘንድ የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።