የለመዱት መጋቢ ሲለወጥ
የኮምፒዩተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ታሪክና አዲሱን የመልመድ ጣጣ

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ዓመት ለመጽሔታችን ታሪክ ነክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ ብዙዎቹ ጓደኞቻችን የጥንት ነገሥታትን ዜና መዋዕልና የታላላቅ ጦርነቶችን ታሪክ መርጠው ወሰዱ። እኛ የኮምፒዩተር ክበብ አባሎች ግን በየቀኑ በእጃችን የምንነካውን ነገር ታሪክ ለመጻፍ ወደድን። ምክንያቱም በቅርቡ በኮምፒዩተር ክፍላችን የተደረገው ለውጥ ብዙ ነገር ስላስተማረን ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ኮምፒዩተር ብረትና ሽቦ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለማንም ባልጠቀመ ነበር። ብረቱን ከሠራተኛው ጋር የሚያገናኘው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፤ በአማርኛም ሥርዓተ ክወና የሚባለው ነው። ይህ ነገር በአንድ ትልቅ ቤት ውስጥ እንዳለ መጋቢ ሊቈጠር ይችላል። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የሚይዝ እርሱ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ተራ የሚሰጥ እርሱ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ በሩን የሚከፍትም እርሱ ነው። እንግዲህ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ተለወጠ ማለት የቤቱ መጋቢ ተለወጠ ማለት ነው። ቤቱ ያው ቤት ነው፤ ዕቃውም ያው ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ማንኪያው ቀድሞ በነበረበት ሥፍራ አይገኝም።

ኦገስት 12 ቀን 1981 ዓ. ም. አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የግል ኮምፒዩተሩን ለሕዝብ ባስታወቀ ጊዜ መጋቢው ዶስ ይባል ነበር። ያዘጋጀውም ማይክሮሶፍት ነው። በዚያን ጊዜ በመስኮቱ ላይ ሥዕል የለም፤ ጥቁር ገበታ ላይ አንዲት ጭረት ብልጭ ድርግም እያለች ትእዛዝ ትጠብቃለች። ሠራተኛው የፋይሎቹን ዝርዝር ለማየት ሲፈልግ ዲር ብሎ፤ ለመገልበጥ ሲፈልግ ኮፒ ብሎ በእጁ መጻፍ ነበረበት። አንዲት ፊደል ብትሳሳት መጋቢው አልሰማሁም ይላል። የአንድ ፋይል ስምም ከ8 ፊደልና ከ3 ፊደል ቅጥያ ሊበልጥ አይችልም ነበር። ስለዚህ ያን ዘመን ያዩ ሰዎች ትእዛዞቹን እንደ ዳዊት በቃላቸው ይዘው ነበር።

በሌላ ወገን ግን በሥዕልና በመጠቆሚያ የመሥራት ሐሳብ ቀደም ብሎ ተወልዶ ነበር። ዳግላስ ኤንግልባርት የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ማውስን በ1968 ዓ. ም. በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በጉባኤ ፊት አሳይቷል። አፕል የተባለው ኩባንያም ማኪንቶሽን በጃንዋሪ 1984 ዓ. ም. ለገበያ አቀረበ። ማይክሮሶፍት የመጀመሪያውን ዊንዶውስ በኖቬምበር 1985 ዓ. ም. ቢያወጣም በብዛት የተሰራጨው በሜይ 1990 ዓ. ም. የወጣው ዊንዶውስ 3.0 ነው። ከእርሱም ጋር ሶሊቴር የተባለው የካርታ ጨዋታ አብሮ መጣ። ይህ ጨዋታ ለመዝናኛ ብቻ አልነበረም፤ ማውስ ነክቶ የማያውቅ ሰው ካርታውን ይዞ እየጎተተ ሲያስቀምጥ ሳያውቀው እጁን ያስለምድ ነበር። እኛም ይህን ባነበብን ጊዜ አዲስ ነገርን በጨዋታ ማስለመድ ምን ያህል ብልህነት እንደ ሆነ ተገነዘብን።

ከዚህ በኋላ ኦገስት 24 ቀን 1995 ዓ. ም. ዊንዶውስ 95 ወጣ። ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው የስታርት ቁልፍና በግርጌ የተዘረጋው የሥራ መደብ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። የፋይል ስምም እስከ 255 ፊደል እንዲረዝም ተፈቀደለት። ኦክቶበር 25 ቀን 2001 ዓ. ም. ደግሞ ዊንዶውስ ኤክስፒ ተከተለ። አረንጓዴ ኮረብታና ሰማያዊ ሰማይ የሚታይበት የፊት ገጹ በመላው ዓለም የታወቀ ነበር። ሥዕሉ የተነሣው በካሊፎርኒያ ሲሆን ያነሣውም ቻርልስ ኦሪር ነው። ሕዝቡ ኤክስፒን እጅግ ከመልመዱ የተነሣ ማይክሮሶፍት ኤፕሪል 8 ቀን 2014 ዓ. ም. ጥበቃውን ባቆመ ጊዜ እንኳ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሊለዩት አልፈለጉም።

ልማድ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሚያሳየው ሌላው ምስክር በኦክቶበር 2012 ዓ. ም. የወጣው ዊንዶውስ 8 ነው። አዘጋጆቹ በጣት ለሚነካ መስተዋት እንዲመች ብለው የስታርትን ቁልፍ አነሡ፤ በምትኩም ገጹን ሁሉ በባለ ቀለም ሰቆች ሞሉት። ለ17 ዓመት እጁ ወደ ግራ ግርጌ መሄድ የለመደ ሰው ግን ቁልፉን ከሥፍራው ባጣ ጊዜ ግራ ተጋባ፤ ኮምፒዩተሩን እንዴት እንደሚያጠፋ እንኳ የጠፋው ብዙ ነበር። ማጉረምረሙ ስለ በዛ ከአንድ ዓመት በኋላ በ8.1 ቁልፉ ተመለሰ፤ በጁላይ 2015 ዓ. ም. በወጣው በዊንዶውስ 10 ደግሞ ዝርዝሩ ራሱ ተመለሰ። ከዚህም የምንረዳው ለውጥ መልካም ቢሆንም እንኳ የሰውን እጅ ሳያማክር ሲመጣ መንገዱ እንደሚከብድ ነው።

አሁን ወደ እኛው ፊደል ታሪክ እንመለስ። ጥንት በታይፕ ዘመን የአማርኛ ፊደል ብዛት ችግር ሆኖ ነበር፤ ኢንጂኔር አያና ብሩን የመሳሰሉ ሰዎች ለአማርኛ የሚሆን የጽሕፈት መኪና ለማዘጋጀት ብዙ ደክመዋል። ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜም ያው ችግር ተመለሰ። የቀድሞው የኮምፒዩተር ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ብቻ ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ በዚህ ላይ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ እንደ ፓወር ግዕዝና እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት ፕሮግራሞች በየራሳቸው ዘዴ ፊደሉን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ አስቀመጡት። ኮምፒዩተሩ በሆዱ የሚያውቀው የላቲኑን ፊደል ነው፤ ፎንቱ ግን የግዕዝ ልብስ አልብሶ ያሳየናል። እነዚህ ፕሮግራሞች በዘመናቸው ታላቅ ውለታ ውለዋል፤ ያለ እነርሱ በኮምፒዩተር የታተመ የአማርኛ ጋዜጣም ሆነ የፈተና ወረቀት ባልኖረ ነበር። ጉድለታቸው ግን አንዱ የጻፈውን ሌላው ማንበብ አለመቻሉ ነው።

መፍትሔው የተገኘው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ በ1999 ዓ. ም. በሦስተኛው እትሙ የግዕዝን ፊደል በተቀበለ ጊዜ ነው። 384 ቦታ ያለው የራሱ ክፍል ተሰጠው፤ ከዚያ ወዲህ ሀ የትም ቢሄድ ሀ ሆነ። በ2007 ዓ. ም. ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛውን የፊደል ገበታ ይዞ መጣ። በዚህም ለመጀመሪያ ጊዜ አማርኛ ሌላ ፕሮግራም ሳይጫን ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ተገኘ።

እኛን ያገኘን ነገር ከዚህ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። የዊንዶውስ 10 ጥበቃ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ዓ. ም. ስላበቃ የኮምፒዩተር ክፍላችንን እንድናድስ ከመምህራችን ጋር ተመካከርን። በ2021 ዓ. ም. የወጣው ዊንዶውስ 11 ግን ማንኛውንም ኮምፒዩተር አይቀበልም፤ ቲ ፒ ኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይጠይቃል። ስለዚህ የሚችሉትን ወደ ዊንዶውስ 11 አሳደግናቸው፤ ለማይችሉት አሮጌዎቹ ኡቡንቱን ጫንን። ኡቡንቱ የተመሠረተው የፊንላንዱ ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ዓ. ም. በጀመረው በሊኑክስ ላይ ነው፤ በ2004 ዓ. ም. ያስጀመረውም ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ነው። ስሙ በደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች ሰብአዊነት ማለት ስለ ሆነ ደስ አሰኘን።

በመጀመሪያው ሳምንት የነበረው ግርግር የሚረሳ አይደለም። በዊንዶውስ 11 የስታርት ቁልፍ ወደ መካከል ስለ መጣ ሁላችንም ባዶውን የግራ ማዕዘን ስንነካ ሰነበትን። በቀኝ ቁልፍ የሚከፈተው ዝርዝር አጥሮ የምንፈልገው ነገር ከሥር ተሸሽጎ አገኘነው። በኡቡንቱ ደግሞ የአማርኛው አጻጻፍ ከለመድነው ስለ ተለየ ሰላም ብለን ስንጽፍ ሌላ ቃል ይወጣ ነበር። የሆነ ሆኖ ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው በአንድ ወር ውስጥ እጃችን ለመደ።

የማይረሳን ስሕተት ግን ሌላ ነው። በቢሮ ከነበሩት አሮጌ ኮምፒዩተሮች በአንዱ ላይ የቀድሞ ተማሪዎች ለመጽሔት የጻፏቸው ጽሑፎች ተቀምጠው ነበር። ኮምፒዩተሩን ከማጥፋታችን በፊት ጽሑፎቹን በፍላሽ ገለበጥን፤ ሥራችንን የፈጸምን መስሎንም የቀድሞውን ሁሉ ደመሰስን። ለዚህ መጽሔት እንዲሆኑ በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ስንከፍታቸው ግን ገጹ ሁሉ ትርጉም በሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ተሞልቶ አገኘነው። ጽሑፎቹ ከዩኒኮድ በፊት በነበረ ፎንት የተጻፉ ነበሩ፤ እኛም ጽሑፉን እንጂ ልብሱን አልገለበጥንም ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው በእኛ ደረሰ። ከእኛ በፊት በእነዚህ ወንበሮች የተቀመጡ ተማሪዎች ድካም በአንድ ከሰዓት በኋላ በእጃችን መጥፋቱን ባሰብን ጊዜ እጅግ አዘንን።

በመጨረሻ የረዱን በጡረታ ያሉት የትምህርት ቤቱ የቀድሞ ጸሓፊ ናቸው። ነገሩን በሰሙ ጊዜ ፕሮግራሙ ያለበትን አሮጌ ሲዲ ከቤታቸው ሣጥን አውጥተው ይዘውልን መጡ። ፕሮግራሙ በአዲሱ ላይ አልሠራም፤ ፎንቶቹ ግን ተጫኑና ፊደሉ በአንድ ጊዜ ታየ። በዚያን ሰዓት በክፍሉ ውስጥ የተሰማው ጭብጨባ በስፖርት ሜዳ እንኳ አይሰማም። ወይዘሮዋ እንዳጫወቱን እርሳቸውም በወጣትነታቸው ከታይፕ ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወሩ ብዙ ተቸግረው ነበር፤ ስለዚህ አሮጌ ዕቃ አዲሱ እስኪለመድ ድረስ አይጣልም የሚል ደንብ ለራሳቸው አወጡ። እኛም ገጾቹን ተከፋፍለን እያነበብን በዩኒኮድ እንደገና ጻፍናቸው። የተበላሹ ሁለት ፋይሎች ግን እስከ ዛሬ አልተገኙም።

ከዚህ ሁሉ የተማርነውን በአጭር ቃል እንናገር። አዲሱን መፍራት አይገባም፤ ዶስን የለመዱ ማውስን፣ ማውስን የለመዱም የሚነካውን መስተዋት ለምደዋልና። ነገር ግን ከመለወጥ በፊት ምን እንዳለን መቍጠር፣ ጽሑፉን ከነማንበቢያው ማስቀመጥ፣ አዲሱም መሥራቱን ሳያረጋግጡ አሮጌውን አለመደምሰስ ይገባል። ደግሞም ከእኛ በፊት የነበሩትን መጠየቅ ነውር አይደለም። እኛ ዛሬ የጻፍነውንም ወደፊት የሚመጡ ተማሪዎች በማናውቀው መጋቢ እጅ ይከፍቱት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ፊደላችን እንደ ተጻፈ እንዲነበብ ከልብ እንመኛለን። ለትምህርት ቤታችንም መልካም በዓልና ረጅም ዕድሜ ይሁንለት።